ታናሿ ምድር፦ የአፈርና የጠጠር አምሳያ አሠራር ታሪክ

አንድ ተመልካች በጠረጴዛ ላይ በተሠራ የጦር ሜዳ፣ የመንደር ወይም የባቡር ጣቢያ ሞዴል ፊት ሲቆም ዓይኑ በቅድሚያ የሚያርፈው በሰዎቹ፣ በቤቶቹና በባቡሩ ላይ ነው። የወታደሩን መለዮ፣ የጣራውን ክዳን፣ የፉርጎውን ቀለም አንድ በአንድ ያያል። ከእነዚህ ሁሉ በታች የተነጠፈውን አፈርና ጠጠር ልብ ብሎ የሚመለከተው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የሥራውን እውነተኛነት በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ልብ ያልተባለው መሬት ነው። ጠጠሩ ከሰውየው ጉልበት የሚተልቅ ከሆነ፣ መንገዱ የጋሪ ጎማ ያላረፈበት ሰሌዳ ከመሰለ፣ ዳገቱም ዝናብ ወርዶበት የማያውቅ ከሆነ፣ የቀረው ሁሉ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ከመጫወቻነት አያልፍም። መሬቱ በትክክል የተሠራ እንደሆነ ግን፣ ሰው ባይኖርበትም እንኳ፣ ተመልካቹ በአንድ በታወቀ ቦታና ጊዜ ላይ የቆመ ይመስለዋል።

ለመሆኑ ስለ ጥቂት እፍኝ ጠጠር ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ከነገሥታት ምስጢር፣ ከጦር አዛዦች ክብርና ከመንደሮች መጥፋት ጋር የተያያዘ ረዥም ታሪክ አለው። የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲገለጽ፣ በትንሽ መስፈርት የተሠራ መሬት ጌጥ ብቻ ሳይሆን ምስክርም መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሙ አመጣጥ

ዛሬ «ዲዮራማ» እየተባለ የሚጠራው የሞዴል ዓይነት ስሙን ያገኘው ጠጠርም ሆነ አፈር ከሌለበት ትዕይንት ነው። በ1822 ዓ.ም. ሉዊ ዳጌርና ሻርል ቡቶን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሠዓሊዎች በፓሪስ ከተማ «ዲዮራማ» የተባለ አዳራሽ ከፈቱ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዳጌር ኋላ በ1839 ዓ.ም. በፎቶግራፍ ፈጠራው በዓለም የታወቀው ሰው ነው። በአዳራሹ ውስጥ ተመልካቾች በጨለማ ሆነው፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ታላቅ ሸራ ላይ የተሣለውን ሥዕል ያዩ ነበር። ብርሃኑ ከፊትና ከኋላ እየተለዋወጠ ሲበራበት ቀኑ ሲመሽ፣ ጭጋጉ ሲነሣ ይታያል። ቃሉም ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን «አሳልፎ ማየት» የሚል ስሜት አለው።

ይህ ስም ከጊዜ በኋላ ከሸራው ወደ መሬቱ ተሻገረ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች ቆዳቸው ተገፎ የተሞሉ እንስሳትን በተፈጥሮ መኖሪያቸው አምሳያ ውስጥ ማሳየት ጀመሩ። አሜሪካዊው ካርል ኤክሊ በ1890 ዓ.ም. ለሚልዎኪ ሙዚየም የሠራው የውኃ ዳር አይጦች ትዕይንት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። እንዲህ ባለው ሥራ ከኋላ የተሣለ ሰማይና ተራራ፣ ከፊት ደግሞ የሚዳሰስ አፈርና ድንጋይ አለ። የባለሙያው ትልቁ ፈተና ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። እውነተኛው ጠጠር የት ላይ አልቆ የተሣለው ጠጠር የት ላይ እንደሚጀምር ተመልካቹ ካወቀ ምትሐቱ ይፈርሳል። በመሆኑም ጠጠሩ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር እየደቀቀ፣ ቀለሙም እየሳሳ እንዲሄድ ይደረጋል።

የንጉሡ ከተሞች

ስሙ ከመገኘቱ ከ150 ዓመት በፊት ግን ሥራው ራሱ በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ተጀምሮ ነበር። በ1668 ዓ.ም. የንጉሥ ሉዊ 14ኛ የጦር ሚኒስትር የነበረው ሉቯ በጠረፍ ያሉት የተመሸጉ ከተሞች በትንሽ መስፈርት እየተቀረጹ ለንጉሡ እንዲቀርቡ አደረገ። የአብዛኞቹ ሞዴሎች መስፈርት 1:600 ነበር። ይህም ማለት በመሬት ላይ 600 ሜትር የሆነው ርቀት በጠረጴዛው ላይ 1 ሜትር ሆኖ ይታያል ማለት ነው። መሐንዲሶች ከየስፍራው ልኬቱን ወስደው ሲመጡ፣ አናጢዎችና የእደ ጥበብ ሰዎች ደግሞ ቤቶቹን ከእንጨት እየጠረቡ በተቀባ ወረቀት ይለብጧቸው ነበር። የምድሩን ገጽ ለማስመሰል የተነፋ አሸዋ በሙጫ ላይ ይበተናል፤ ለሣሩና ለማሳው ደግሞ ቀለም የተነከረና የደቀቀ ሐር ይነሰነሳል።

ይህ ሁሉ ድካም ለመዝናኛ የተደረገ አልነበረም። መድፍ ከየትኛው ጉብታ ላይ ቢተከል የትኛውን ቅጥር እንደሚመታ፣ ውኃ ወደየት እንደሚፈስ፣ ጠላት በየትኛው ሸለቆ ተደብቆ ሊቀርብ እንደሚችል ከሞዴሉ ላይ ይታይ ነበር። የአንድ ጉብታ ከፍታ በስሕተት ዝቅ ብሎ ቢሠራ ውጤቱ የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ስለዚህም ሞዴሎቹ የመንግሥት ምስጢር ነበሩ፤ ወደሚቀመጡበት ወደ ሉቭር ቤተ መንግሥት አዳራሽ የሚገባውም በንጉሡ ፈቃድ ብቻ ነበር። በ1777 ዓ.ም. ወደ ኤንቫሊድ ሕንፃ ተዛወሩ። ናፖሊዮን በተሸነፈበት በ1815 ዓ.ም. ደግሞ የፕሩሲያ ጦር ፓሪስን ሲይዝ ከሞዴሎቹ ጥቂቶቹን ማርኮ ወደ በርሊን ወሰደ። ጦረኛ ወርቅና ሥዕል ብቻ ሳይሆን የአሸዋና የሐር ከተማንም ይማርካል።

ዛሬ 100 ያህል የሚሆኑት ሞዴሎች በሕይወት ይገኛሉ። የብዙዎቹ ከተሞች ቅጥር በ19ኛው ምዕተ ዓመት ስለፈረሰ፣ አንድ ወቅት ከተማይቱን ለመጠበቅ የተሠራው ሞዴል አሁን የከተማይቱ መልክ የተጠበቀበት ቦታ ሆኗል። እነዚያን እልፍ ቤቶች ከጠረቡት፣ አሸዋውንም ከነፉት ሠራተኞች የብዙዎቹ ስም ከንጉሡ ስም ጋር አልተጻፈም። የሥራቸው ጥራት ግን ዛሬም በግልጽ ይታያል።

ጠጠር ለምን አያንስም?

የመሬት አምሳያ ከሌላው ሁሉ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ቤትን ከቤት ባነሰ እንጨት፣ ሰውን ከሰው ባነሰ ቆርቆሮ መሥራት ይቻላል። ድንጋይ ግን ሲደቅ ትንሽ ድንጋይ እንጂ የትልቅ ድንጋይ ሥዕል አይሆንም። ለምሳሌ በባቡር ሐዲድ ሥር የሚነጠፈው ኮረት እያንዳንዱ ፍሬ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ቢባል፣ 1:35 በሆነ መስፈርት ሲሠራ 1.4 ሚሊ ሜትር መሆን ይኖርበታል። ይህም የአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ያህል ነው። በ1:87 መስፈርት 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከጤፍም ያንሳል። በ1:600 ደግሞ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ስለሚሆን ዓይን ፍሬውን ለይቶ አያየውም። በዚህ መስፈርት የሚሠራ ሰው ጠጠርን በጠጠር ማሳየት አይችልም፤ የሚቀረው ቀለምና ሻካራነት ብቻ ነው።

መጠኑ ብቻም አይደለም። የባሕር ዳር አሸዋ ፍሬው በውኃ ተፍቆ ስለሚለሰልስና በመብራት ስለሚያብለጨልጭ አሸዋነቱ ወዲያው ይታወቅበታል። የመንገድ ኮረት ግን በመዶሻ ወይም በመፍጫ የተሰበረ ስለሆነ ጠርዙ የሰላ ነው። በመሆኑም የሰለጠነ ባለሙያ ድንጋይ ራሱ ሰባብሮ፣ በተለያዩ ወንፊቶች ነፍቶ፣ ሻካራውን ከደቃቁ ይለያል። ደግሞም ድንጋይ በደቀቀ ቁጥር ቀለሙ ይነጣል፤ ሙጫ ሲጠጣ በአንጻሩ ይጠቁራል። ስለዚህ የአንድ ጠጠር ቀለም ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ሙጫው ከደረቀ በኋላ ነው።

ውኃም የራሱ ሕግ አለው። ዓለሙ ሁሉ በ87 እጥፍ ቢያንስም የውኃ ጠብታ አያንስም። በነጭ የእንጨት ኮላ የተበጠበጠ አንድ ጠብታ በደረቁ ጠጠር ላይ ሲያርፍ ድቡልቡል ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲፈነዳም ጠጠሩን ይዞ ይንከባለላል፤ ትንሽ ጉድጓድም ትቶ ይሄዳል። ለዚህ የተገኘው መላ ቀላል ነው። በቅድሚያ ጥቂት የሳሙና ፈሳሽ የተቀላቀለበት ውኃ እንደ ጉም ይረጫል፤ ከዚያም የቀጠነው ኮላ ቀስ ተብሎ ሲጨመር ያለ አንዳች ግርግር ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በድንጋይ ፈንታ የተፈጨ ቡሽ ወይም የዋልነት ቅርፊት የተጠቀሙ ሰዎች ግን ፍሬው ቀላል በመሆኑ በኮላው ላይ ሲንሳፈፍባቸው ያያሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ጠጠር ሥርዐት አለው። በተፈጥሮ ጠጠር እንዲሁ አይበተንም። ከገደል የተፈነቀለው ሻካራ ድንጋይ በተዳፋቱ ግርጌ ይከማቻል፤ ደቃቁ በጎርፍ ታጥቦ በዝቅተኛው ቦታ ይተኛል። በመንገድ ላይ ጎማ የሚረግጠው መስመር ይደቅቃል፣ ይጠቀጠቃል፤ ጠጠሩ ወደ መሐልና ወደ ዳር ይገፋል። ደረቅ የጠጠር ክምር ደግሞ ትልቅም ይሁን ትንሽ ዳገቱ ከ35 ዲግሪ እምብዛም አይርቅም። ይህን ሥርዐት የማያውቅ ሰው የጠራ ጠጠር ቢያገኝም ያነጠፈው ምንጣፍ ነው። በሌላ አነጋገር ጠጠር የሚያነጥፍ ሰው በዚያ ቦታ ዝናብ፣ እግርና ጎማ ያደረጉትን ሁሉ መልሶ መተረክ አለበት።

የዋተርሉ ማሳ

ይህ እውነት በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ጎልቶ የታየበት ታሪክ የእንግሊዛዊው መኮንን የዊልያም ሳይቦርን ታሪክ ነው። ሳይቦርን በ1797 ዓ.ም. የተወለደ ሲሆን፣ ሰኔ 18 ቀን 1815 ዓ.ም. በቤልጅግ ምድር በተደረገው በዋተርሉ ጦርነት ላይ አልዋለም። ሙያው የመሬት ቅየሳና የመልክዐ ምድር ሥዕል ነበር፤ በዚህም ላይ መጽሐፍ አሳትሟል። በ1830 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የጦርነቱን ሞዴል እንዲሠራ ሲያዘው ወደ ቤልጅግ ተሻግሮ፣ በጦር ሜዳው መካከል በምትገኘው በላ ኤ ሳንት የእርሻ ቤት 8 ወር ተቀመጠ። ምድሩንም እርምጃ በእርምጃ ለካ።

ሆኖም የሚለካው ምድር የ1815ቱ ምድር አልነበረም። የኔዘርላንድስ መንግሥት የልዑል ኦራንዥን መቁሰል ለማስታወስ ከ1820 እስከ 1826 ዓ.ም. ድረስ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአፈር ጉብታ በሜዳው ላይ ከምሮ፣ በጫፉ የአንበሳ ሐውልት አቁሟል። ለዚህ ጉብታ ያስፈለገው አፈር የተቆፈረው የዌሊንግተን ጦር መሽጎበት ከነበረው ከራሱ ከሸንተረሩ ነው። ለመታሰቢያው ሲባል የሚታሰበው ነገር ተቆርሶ ተወሰደ። እግረኛው ወታደር ከመድፍ የተከለለበት ተዳፋት ዝቅ አለ፤ የመንገዱ ግራና ቀኝም ተለወጠ። እንግዲህ የሳይቦርን ሥራ ያለውን መለካት ብቻ ሳይሆን የጠፋውንም መፈለግ ሆነ።

ስለዚህም በ1834 ዓ.ም. በሕይወት ለነበሩት የጦርነቱ መኮንኖች ደብዳቤ ላከ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም የናፖሊዮን የክብር ዘብ የመጨረሻውን ጥቃት በሰነዘረበት ሰዓት፣ ጭፍራቸው የት እንደነበር ጠየቃቸው። ከዚህም ሌላ በቆሙበት ማሳ ላይ ምን ዓይነት ሰብል እንደነበረ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ለብዙዎች እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሰው ቁመት የሚደርስ አጃ የቆመበት ማሳና ባዶ የታረሰ ማሳ ለወታደር አንድ አይደሉም። አንዱ ይሰውራል፤ ሌላው ያጋልጣል። ከዋዜማው ጀምሮ የወረደው ከባድ ዝናብም ምድሩን አጨቅይቶት ስለነበር የጭቃው ነገር ከመድፍና ከፈረስ ያነሰ ጉዳይ አልነበረም። 700 ያህል መልሶች ደረሱት።

ሞዴሉ የተሠራው 9 ጫማ ለ1 ማይል በሆነ መስፈርት ነው፤ ይህም 1:587 ያህል ነው። ስፋቱ 400 ካሬ ጫማ ገደማ፣ ማለትም 37 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። በላዩ ላይ ከ70000 የሚበልጡ የቆርቆሮና የእርሳስ ወታደሮች ተተክለዋል። በመሬቱ መስፈርት ቢሄድ ኖሮ የእያንዳንዱ ወታደር ቁመት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆን ነበር፤ ሳይቦርን ግን ዓይን እንዲለያቸው ከዚያ አተለቃቸው፣ የመሬቱንም ከፍታ ከስፋቱ ይልቅ አጎላው። ከላ ኤ ሳንት ፊት ለፊት የእንግሊዝ ተኳሾች የተዋጉበት የአሸዋና የጠጠር መቆፈሪያ ጉድጓድ ነበር። ያች ጉድጓድ ለገበሬው የመንገድ ጠጠር የሚያወጣባት ተራ ስፍራ ነበረች፤ በዚያች ቀን ግን የሰዎች ሕይወት የተሰወረባት ምሽግ ሆነች። በመሬት ላይ አንድም ነገር ተራ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ችግሩ የመጣው ከአፈሩ ሳይሆን ከሰዎቹ ነው። በ1833 ዓ.ም. መንግሥት ገንዘብ አልሰጥም በማለቱ ሳይቦርን ከራሱና ከብድር እያወጣ ቀጠለ፤ ጠቅላላ ወጪውም 3000 ፓውንድ ገደማ ደረሰ። ከዚህም የሚከፋው የፕሩሲያ ጭፍሮች ጉዳይ ነበር። ከመኮንኖቹና ከፕሩሲያ በኩል ያገኘው ማስረጃ በዚያ የምሽት ሰዓት የብሉኸር ጦር በውጊያው ውስጥ ጠልቆ እንደገባ የሚያሳይ ነበር። ይህ ግን ድሉን ለዌሊንግተን ብቻ መስጠት የሚፈልጉትን ታላላቅ ሰዎች አላስደሰተም። ሞዴሉ በ1838 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በግብፅ አዳራሽ ሲታይ ወደ 100000 ሰው በነፍስ ወከፍ 1 ሺልንግ እየከፈለ አየው። ሳይቦርን ግን ያወጣውን ገንዘብ አላገኘም። ውሎ አድሮም በግፊቱ ተሸንፎ ከፕሩሲያ ወታደሮች ምስሎች ብዙዎቹ ከሞዴሉ ላይ እንዲነሡ ሆነ። በ1849 ዓ.ም. ሲሞት የድካሙን ዋጋ ሳያገኝ ነበር። ሞዴሉ ዛሬ በለንደን በብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ባለሥልጣኖች ያስነሡት ወታደሮቹን ነው። ከመሬቱ ላይ ግን አንድም ጉብታ አላስነሡም፤ መሬቱ ለማን እንደሚያደላ የሚያውቅ አልነበረምና። ሸንተረሩ፣ ጠጠር መቆፈሪያዋ፣ የአጃው ማሳ በቦታቸው ቀሩ። በእውነተኛው ሜዳ ላይ አፈሩ ተዝቆ በአንበሳው እግር ሥር ሲከመር፣ ቀድሞ የነበረው ቁልቁለት የተረፈው በሰነድና በአንድ ለፍቶ አዳሪ መኮንን ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከጦር ሜዳ ወደ መንደር

በ20ኛው ምዕተ ዓመት ይኸው ሙያ በሁለት ጎዳናዎች ቀጠለ። በአንድ በኩል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ በሜድመነም የተቋቋመው የሞዴል ክፍል ከአየር ላይ ከተነሡ ፎቶግራፎች የጠላትን ምድር ይቀርጽ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የጀርመን ግድቦች ከመመታታቸው በፊትና በ1944 ዓ.ም. ጦሩ በኖርማንዲ ባሕር ዳር ከመውረዱ በፊት አብራሪዎችና ወታደሮች ሄደውበት የማያውቁትን ምድር በእነዚህ ሞዴሎች ላይ አጠኑ። የሉቯ አሳብ ከ270 ዓመት በኋላ መልሶ ለሥራ ዋለ።

በሌላ በኩል ሙያው ወደ ተራው ሕዝብ ሕይወት ተመለሰ። በ1925 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ የመጣው ሮይ ኢንግላንድ፣ ነጭ ፈረስ ሸለቆ በሚባለው አገር የነበሩት የሣር ክዳን ቤቶች እየፈረሱና እየተለወጡ ሲሄዱ አየ። እነርሱን ማዳን አልቻለም፤ ስለዚህ በ1:76 መስፈርት እያንዳንዳቸውን እየለካ መሥራት ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. በሎንግ ዊተነም መንደር የተቋቋመው የፔንደን ሙዚየም የዚህ ጥረት ውጤት ነው። በዚያ የሚታዩት የንጉሥ ከተሞች ወይም የጄኔራል ድሎች አይደሉም። የአትክልት ቦታዎች፣ የእርሻ ግቢዎች፣ የገጠር መንገዶችና በባቡር ሐዲድ ሥር የተነጠፈው ኮረት ናቸው። ሬንጅ ያልለበሰ መንገድ የነበረውን መልክ፣ የጋሪ ጎማ ያወጣበትን መስመር አንድ ሰው ካልመዘገበው በቀር፣ አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ የሚያስታውሰው አይገኝም። ቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ አያጣም፤ መንገድ ግን ያጣል።

ከሉዊ 14ኛ አዳራሽ እስከ ፔንደን መንደር ድረስ የተጓዘው ይህ ጥበብ መልኩን ቢለዋውጥም መሠረቱ አልተለወጠም። አሸዋ ይነፋል፣ ሙጫ ይቀባል፣ ቀለም ይፈተሻል፤ ከዚያ በፊት ግን መሬቱ ይጠየቃል። ምን በቅሎብሻል? ማን ረግጦሻል? ውኃሽ ወደየት ይፈሳል? ይህን ሳይጠይቅ ጠጠር የበተነ ሰው የሠራው ሜዳ ማንም እንዳሻው ታሪክ ሊተክልበት የሚችል ባዶ ጠረጴዛ ነው። ጠይቆ የሠራው ሰው ግን፣ ስሙ ቢረሳም፣ ጥሪቱን ቢከስርም፣ በላዩ ላይ የተተከሉት ሰዎች በኃያላን ትእዛዝ ቢነሡና ቢተከሉም እንኳ፣ ከሥራቸው የማይዋሽ መሬት ትቶ ያልፋል።